አቧራው የት ይሄዳል

የአቧራ መሳቢያ ማሽን ሻጩ ከትንሿ ወይኒ አልጋ ሥር የሳበውን አቧራ ለወላጆቿ ጥቁር ጨርቅ ላይ ዘርግፎ ያሳያቸዋል። ግራጫ ነው፤ እንደ ዱቄት የላመ። የወርቅውሃ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች። ትናንት ብቻ የልጇን ክፍል ሁለት ጊዜ ቫኪዩም አድርጋዋለች።

«ተራው ቫኪዩም ትልልቁን ይዞ ደቃቁን መልሶ ይተፋዋል» ይላል ሻጩ፣ እንዲገባቸው በዝግታ እየተናገረ። «የዚህኛው ሞተር የሚቀመጠው ጋራዥ ነው። በግድግዳው ውስጥ ቱቦ እንዘረጋለን፤ የሳበውን ሁሉ ከቤት ያወጣዋል።»

ሶፋው ላይ የተቀመጠችው ልጃቸው ወይኒ ትስላለች። ሰባት ዓመቷ ነው። በዚህ ወር አስሟ ተነስቶባት ሦስት ጊዜ ኢመርጀንሲ፣ ድንገተኛ ክፍል ገብታለች፤ ባለፈው ሳምንት ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

«እናስገባው» ይላል ባሏ ነጋሲ። ሚልፒታስ ካለው የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ ከሥራ መግባቱ ነው። «ግድግዳውን ይብሱት።»

«የግድግዳው ብናኝስ? ሦስት ቀን ሙሉ ሲበሱ ልጄን የት ላድርጋት?» ትላለች የወርቅውሃ።

«እኔ'ኮ አንዲት ብናኝ ቺፑ ላይ እንዳታርፍ፣ ቀኑን ሙሉ አፌን ሸፍኜ፣ ነጭ ልብስ ለብሼ ነው የምውለው። ጥፍር ለማታክል ዕቃ! ለልጄ ሲሆን ለግድግዳ ልሳሳ?» ይላል ነጋሲ።

የወርቅውሃ ወደ ሻጩ ትዞራለች። «ይሄን ካስገባን ትተነፍሳለች?»

ሰውየው ብዕሩን የሽያጭ ውሉ ላይ ያስቀምጣል። «እመቤት፣ እኔ የማውቀው አቧራው የት እንደሚሄድ ነው። ለመተንፈሷ ቃል ልገባልዎ አልችልም።»

«የእርስዎ ልጅ ብትሆንስ?»

ሻጩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተነጠፈውን ወፍራም ቡኒ ምንጣፍ ያያል። «መጀመሪያ ይሄን ነበር የማነሳው።»

ለነጋሲ ሐኪሙም ይህንኑ ብሎት ነበር፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ካስትሮ ቫሊ ላይ ይህን ቤት ሲገዙ፣ ወይኒ ስትድህ ጉልበቷን እንዳይቀዘቅዛት ብሎ፣ ምንጣፉን በገዛ እጁ ነው ያነጠፈው።

ጥግ ላይ ይንበረከካል። ጣቶቹን ከምንጣፉ ሥር ሰድዶ ይጎትታል። ምንጣፉን የያዙት የተደበቁ ሚስማሮች ይቧጥጡታል፤ አያቆምም። አቧራው ቦለል ብሎ ይነሳል።

«ውጪ አውጪያት!» ይላል ሚስቱን።

የወርቅውሃ ልጇን አቅፋ ትሮጣለች። ደጃፍ ላይ የቆመው መኪናቸው ውስጥ ትገባና መስኮቱን ሁሉ ትዘጋለች።

«ማም፣ ዳዲ ተናዶ ነው?» ትላለች ወይኒ በእንግሊዝኛዋ፣ በየቃሉ ትንፋሽ እየወሰደች።

«አልተናደደም፣ የኔ እናት። አታውሪ።»

በሳሎኑ መስኮት ሁለቱ ወንዶች ይታያሉ። ሻጩ ኮቱን አውልቋል፤ እንደ ነጋሲ ተንበርክኮ በሌላው ጫፍ ይጎትታል። ከዚያ አቧራው ሁለቱንም ይሸፍናቸዋል።

መዳፏን ልጇ ጀርባ ላይ ታሳርፋለች። ከሥሩ ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል። ከፍ ይላል፤ ዝቅ ይላል። ቀጣዩን ትንፋሽ ትጠብቃለች።