ትርፍ አንጀት

«ትርፍ አንጀትህማ ወጥቷል» አለችው ዶክተሯ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። «ካቻምና እዚሁ ሆስፒታል እኛው ነን ያወጣንልህ። ስለዚህ እሱ ሊሆን አይችልም። ጨጓራህ ይሆናል።»

ቲቸር አልጋው ላይ ተጠቅልሎ ጥርሱን ነክሷል። ላቡ ትራሱን አርሶታል። ቅድም ሆዱን ልታየው ስትል ሸሚዙን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ እምቢ ስላላት፣ ዓይን አፋር መስሏት ከላይ ከላይ ዳብሳ ትታዋለች። ወጣ የተባለው ትርፍ አንጀት የኔ ነው። ጠባሳው ያለው እኔ ሆድ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የሥራ ፈቃድ አለኝ፣ እሱ የለውም። አገር ቤት ሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ እዚህ መጥቶ በየበሩ ሲያንኳኳ ከርሞ ጫማው አለቀ። ስሜን ሰጠሁት፤ ሌላ የምሰጠው ምን አለኝ? መታወቂያዬን ይዞ ዶሮ ፋብሪካ ገባ። በወረቀት ላይ እንግዲህ እኔን የመሰለ ታታሪ የለም፤ ጠዋት ዳቦ እጋግራለሁ፣ ከሰዓት ዶሮ እበልታለሁ። እሱ በአንድ ራስ ይበልጠኛል፣ እኔ ደግሞ መላጣ ነኝ። ፎቶውን ልብ ብሎ ያየ አንድ አለቃ አልተገኘም። ለነሱ ሁላችንም አንድ ፊት ነን። ዛሬ ሆስፒታል የተመዘገበውም በዚያው መታወቂያ ነው።

«ማስታገሻ አዝልሃለሁ። ቤትህ ሂድና ውሃ በደንብ ጠጣ» አለችው። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ወንድሙ ነህ አይደል? ጫማውን አድርግለት» ብላ መጻፏን ቀጠለች።

አልጋው ጋ ጎንበስ ብዬ በራሳችን ቋንቋ አንሾካሾክኩ። «እምብርትህ ጋ ጀምሮ ወደ ቀኝ ወረደ?»

«ዝም በል።»

«ምን ዝም በል ትለኛለህ? እኔ እኮ ታምሜዋለሁ! ትንሽ ብትቆይ ኖሮ ፈንድቶ አልቆልህ ነበር ነው ያሉኝ።»

«ቤት ስንሄድ ይሻለኛል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?»

«ካወቁብኝ በመጀመሪያው አውሮፕላን ነው የሚጭኑኝ። ልጆቼ ትምህርት ቤት ገና መግባታቸው ነው። ያንተንም ፈቃድ ይቀሙሃል። የሁለት ቤት እንጀራ ልትዘጋ ነው?»

«እንጀራው በላተኛ ሲኖር አይደል!»

«በእናትህ» አለኝ። ቲቸር ለምኖ አያውቅም። ፋብሪካ እንኳ ሲገባ ለምኜው ነው መታወቂያዬን የተቀበለኝ።

ውሸት ምን ያደርጋል፣ ለሱ ብቻ አልነበረም የፈራሁት። ያቺን ፈቃድ ለማግኘት ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። ምናልባት ጨጓራ ሊሆንም ይችላል አልኩ በሆዴ። ዶክተሯ አይደለች እንዴ ያለችው? እኔ ዳቦ ጋጋሪው ምን አገባኝ? ጫማውን አንስቼ አንዱን አጠለቅኩለት።

ሁለተኛውን ላጠልቅለት ቀኝ እግሩን ቀና ሳደርገው ጮኸ። እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ቢላዋ መዳፉን የቀደደው ዕለት እንኳ «ዶሮዋ ናት ብድሯን የመለሰችው» እያለ ሲያስቀን ያመሸ ሰው ነው። ጫማው ከእጄ ወደቀ።

«ዶክተር!»

ቀና ብላ አየችኝ። ስንት ዓመት የተናገርኩት ቋንቋቸው ብን ብሎ ጠፋብኝ። አንዲት ቃል እንኳ! ሹራቤን ከነካናቴራዬ እስከ ደረቴ ገለብኩና ጠባሳዬን በጣቴ ደጋግሜ ነካሁት። «ይኸው» አልኩ፣ በገዛ ቋንቋዬ። «ይኸው፣ የኔን ነው ያወጣችሁት። የሱ እዚያው አለ።»

ሆዴን አየችው። ኮምፒውተሩን አየችው። ከዚያ ብድግ ብላ ቲቸር ጋ ሄደች፤ አሁን ፈቃድም አልጠየቀችው። እጆቹን አንስታ ሸሚዙን ገለጠችው። ምንም የለበትም፤ ሆዱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ቀኝ ጎኑን ጫን አድርጋ ስትለቀው የእናቱን ስም ጠራ።

«እና አንተ ማን ነህ?» አለች። ማንኛችንን እንደሆነ እንጃ። መልሱን አልጠበቀችም፤ መጋረጃውን ገፍታ እየሮጠች ወጣች። መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስትጣራ ሰማኋት። ቀጥሎ ሌላ ቦታ ደወለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስሜን ፊደል በፊደል ነገረቻቸው።

«ገደልከኝ» አለኝ ቲቸር።

«ልገድልህ ብፈልግማ ጫማህን አደርግልህ ነበር።»

ልቀልድ ነበር የሞከርኩት። ዕንባዬ ግን ዱብ ዱብ አለ። ነገ ምን እንደምንሆን አላውቅም። ልጆቹን ማን እንደሚያስተምርለት አላውቅም። የማውቀው ይህንን ሰው በራሴ ስም ልቀብረው አለመቻሌን ብቻ ነው።

ቲቸር ዕንባዬን አየው። እያቃሰተ፣ በክርኑ ራሱን እየገፋ ጀርባውን ሰጠኝና ወደ ግድግዳው ዞረ። ይበለኝ፣ ተቀየመኝ አልኩ። መቀየምም ሲያንሰው ነው። እዚያው ቆሜ ጀርባውን አየሁት።

በዚያ አላበቃም፤ አሁንም ወደ ግድግዳው ተጠጋ፣ ደግሞ ተጠጋ። ያኔ ገባኝ። ክፍላችን ውስጥ ያለችን አንዲት ፍራሽ ናት፤ እሱ ከፋብሪካ አምሽቶ ሲመጣ እኔም በእንቅልፍ ልቤ እንዲህ ነው የምጠጋለት። በስተጀርባው አንድ ሰው የሚበቃው ቦታ ለቆልኛል። ከመጋረጃው ወዲያ የብዙ ሰው ኮቴ እየቀረበ ነበር። ሄጄ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።