ለአንድ ሰው ስንት ወንበር

ፕሮግራመሩ ለከተማው አዲስ ነበር። የተከራያት ክፍል አንድ መስኮት ብቻ አላት፤ እሱም የጎረቤት ግድግዳ ላይ አፍጥጦ የሚውል ነው። ስልኩ የሚጮኸው ካርድ አልቋል ለማለት ብቻ ነበር። ቀን ቀን የአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ድርጅትን ድረ ገጽ ይሠራል፣ ምሳውን እዚያው ስክሪኑ ፊት ይበላል።

የድርጅቱን ባለቤት ሠራተኞቹ በሌለችበት «ዳኛዋ» ይሏታል። የጫማዋ ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ ሁሉም አንገቱን ይደፋል።

አንድ ቀን ፕሮግራመሩን አስጠራችው።

«ድረ ገጹ ላይ ለደንበኛ መልስ የሚሰጥ ማሽን አስገባልኝ። ሰው ይሰለቻል፣ ሰው ወሬ ያወጣል። ማሽን አፍ የለውም።»

«እሺ።»

«ወሩ ሳያልቅ ካልደረሰ ሌላ ባለሙያ እፈልጋለሁ።»

ማሽኑ አልሆን አለ። ስለ አልጋ ሲጠይቁት ስለ ቁም ሣጥን ይቀባጥራል። ፕሮግራመሩ ኮዱን መስመር በመስመር ቢፈትሸው፣ አንዱን ሲያቃና ሌላው ይጣመማል። ወሩ ሊያልቅ ሲል ጨነቀውና አንድ ዘዴ ዘየደ። ደንበኛ የሚጽፈው በቀጥታ ወደ ራሱ ስክሪን እንዲመጣ አደረገና መልሱን በገዛ ጣቶቹ ይጽፍ ጀመር። የሚደጋገሙትን መልሶች በአንድ ቁልፍ እንዲወጡ አዘጋጃቸው። ሌላውን ደግሞ ማሽን እንዲመስል አድርቆ ይጽፈዋል።

«አለቀ?» አለች ዳኛዋ።

«አልቋል።»

ከሰዓት በኋላ ዳኛዋ ቢሮዋን ዘግታ ስትቀመጥ እፎይ ይላል። ከጀርባው የሚቆም የለም፣ እንደ ልቡ ይጽፋል። ያ ጥያቄ የመጣውም በዚያ ሰዓት ነበር።

«ለብቻው ለሚበላ ሰው የምግብ ጠረጴዛ ስንት ወንበር ይበቃዋል?»

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረውም።

«ሁለት» ብሎ ጻፈ። «እንግዳ ሊመጣብዎት ይችላል።»

«አይመጣም» ብሎ መለሰለት ስክሪኑ።

በማግስቱም መልእክት መጣ፣ በሳልስቱም። ስለ ዕቃ መጠየቁ ቀረና ወሬ ሆነ። «ዛሬ ዝናቡን ሳይ ዋልኩ።» «ሾርባ ሠርቼ ቀዘቀዘብኝ።» አንዴ ደግሞ፣ «ስገባ ሰዎች ሳቃቸውን ያቋርጣሉ። ድሮ አክብሮት ይመስለኝ ነበር።»

ፕሮግራመሩ ሽማግሌ ናቸው ብሎ ደመደመ። ምናልባትም ሰው የሚሸሸው በሽታ ያለባቸው ሽማግሌ። ከዘራቸውን አልጋው ራስጌ አስደግፈው፣ ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ሲጽፉ ይታየው ነበር። በልቡ «አባባ» ይላቸው ጀመር።

አንድ ቀን አጠገቡ የምትቀመጠው ገንዘብ ያዥ አየችው።

«ብቻህን ምን ያስቅሃል?»

«ደንበኛ ነው።»

«እንዲህ ካሳቀችህማ አግባት!»

«ኧረ ሽማግሌ ናቸው!»

አብረው ሳቁ። ዳኛዋ በበሩ በኩል ብቅ አለች፤ ሳቁ ባለበት ቀረ።

እሁድ ይረዝምበት ጀመር። ሰኞ ከሰዓት እስኪደርስ፣ አባባ ምን በልተው ይሆን እያለ ሲብሰለሰል ይውላል። እንዲህ የሚያስብለት ሰው ካገኘ ስንት ጊዜው ነው?

ከዚያ አንድ ሐሙስ ይህ መጣ፦

«ነገ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል እገባለሁ። ‹አንድ ነገር ቢፈጠር ለማን እንደውል?› አሉኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ፣ አሰብኩ። የምጠራው ስም አጣሁ። አንተ ስልክ ቢኖርህ ኖሮ ያንተን እሰጣቸው ነበር።»

ፕሮግራመሩ መልእክቱን ደግሞ አነበበው። እውነቱን ከተናገረ ነገሩ ዳኛዋ ጆሮ መድረሱ አይቀርም። እሷ ደግሞ ውሸት የነገራትን ሰው አንድ ቀን አታሳድርም። ወደ ተዘጋው የዳኛዋ በር አየ። ዝም ብሎ «ምሕረቱን ያምጣልዎት» ብሎ እንደ ማሽን አድርቆ መጻፍ ይችል ነበር።

አልጻፈም።

«አባባ፣ እኔ ማሽን አይደለሁም» ብሎ ጻፈ። «ይህን ድረ ገጽ የምሠራው ሰው ነኝ። እስከ ዛሬ ስላታለልኩዎት ይቅር ይበሉኝ። የእኔን ቁጥር ይስጧቸው። ነገ እመጣለሁ፤ እስኪነቁ ድረስ አጠገብዎ እቀመጣለሁ።»

ከሥሩ ስልክ ቁጥሩን አስገባና ላከው።

ስክሪኑን እየደጋገመ አየ። ተቀየሙኝ፣ ሄዱ አለ በልቡ። ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ መልሱ መጣ።

«ቁጥርህማ ስልኬ ውስጥ አለ። ቢሮዬ ግባ፤ በሩን ዝጋው።»