የግራሞፎን መርማሪው ዓይን

ጭምቷ የአባቷ ዓይን ከሆነች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ይህን የሚያውቁት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው።

አባቷ በአሮጌ ዕቃ መደብር ውስጥ ግራሞፎን መርማሪ ነው። ሰው «የአያቴ ነው» ብሎ የሚያመጣውን የሸክላ ማጫወቻ አገላብጦ፣ ይኼ የጥንት ነው፣ ይኼ ደግሞ ትናንት ተሠርቶ ጥንት የተቀባ ነው ብሎ ይለያል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም ይባልለታል።

ልጁ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ሰው ፊት መናገር ጭንቅ ሆኖባት ቤት የዋለች ሰሞን፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ።

«ዓይኔ እየጨለመ ነው፣ እናትዬ። ለማንም እንዳትናገሪ። ከነገ ጀምሮ የመሣሪያ ሳጥኔን ይዘሽ ትከተይኛለሽ። ያየሽውን በጆሮዬ ሹክ ትይኛለሽ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አባዬ?»

«ማወቁን ለኔ ተይው። አንቺ ብቻ እዪ።»

እንዲህ ተጀመረ። አባት ጨርቅ ሲጠይቅ ልጅ ታቀብላለች፤ ስታቀብል ጎንበስ ብላ ታንሾካሹካለች። «የብሎኑ ራስ መስቀል ነው።» የጥንቶቹ ብሎኖች ራሳቸው ላይ አንድ ሰረዝ ብቻ ነው ያላቸው፤ መስቀል ካለበት የቅርብ ሥራ ነው። «እንጨቱ ሁሉም ቦታ እኩል አርጅቷል።» እውነተኛ እርጅና ግን እኩል አይመጣም። እጅ የሚያርፍበት ይበላል፣ እጅ የማይደርስበት ይተርፋል።

አንዳንዴ ትስታለች። «ከሥሩ ያለውን ደግመሽ እዪው» ይላታል። ደግማ ስታይ፣ እውነትም ስስ እንጨት በሙጫ ተደራርቦ ታገኛለች። የሙጫው ጠረን ነግሮት ነው መሰለኝ የሚለየው፣ ትላለች በሆዷ።

የመደብሩን ባለቤት ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው። ምላሳቸው ምላጭ ነው።

«ይቺ ልጅህ አፏን ቤት ጥላው ነው የምትመጣው?» ይሉታል አባቷን። «እዚህ እኮ ደንበኛን ዓይን ዓይኑን እያዩ ‘ዕቃህ ውሸት ነው’ ማለት አለ። ሳጥን ለመሸከምማ አህያም አላጣሁ።»

ጭምቷ አንገቷን ትደፋለች።

የፈሩት አልቀረም። ሰኞ ጠዋት፣ ከቤት ሲወጡ አባቷ «ቀሚስሽን ገልብጠሽ ለብሰሻል» ብሏት ነበር። ስፌቱ ክንዱን ነክቶት ይሆናል ብላ እየሮጠች አስተካከለች። መደብሩ ሲደርሱ እትዬ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«ዓይኑ ከድቶታል እየተባልክ ነው» አሉት። «እኔ ደግሞ ወሬ አልወድም፣ ማየት ነው የምወደው። ጓዳ ሁለት ግራሞፎን አስቀምጫለሁ። አንዱ የጥንት ነው፣ አንዱ ፎርጅድ። በጥንቱ ላይ እጅህን ትጭናለህ። ከሳትክ ሳጥንህን ይዘህ ወደ ቤትህ።»

«ይሁን» አለ አባቷ።

ጭምቷ ሳጥኑን አንስታ ስትከተለው እትዬ ክንዳቸውን ዘረጉባት። «አንቺ እዚሁ።»

«እትዬ፣ እሱ ያለ…»

ያለ እኔ አያይም ልትል ነው? ቃሏን ዋጠችው። እትዬ አባቷን ተከትለው ገቡና የጓዳውን የመስታወት በር ዘጉባት።

አባቷ መሐል ቤት ያለውን ወንበር ዞሮ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ጠረጴዛው ከመስታወቱ አንድ ክንድ አይርቅም። ግራሞፎኖቹ መንታ ይመስላሉ፤ ጭምቷ ግን አንዴ አይታ ለየቻቸው። የግራው ውሸት ነው።

«የቀኙ፣ አባዬ፣ የቀኙ» አለች ትንፋሿ መስታወቱን እስኪያደበዝዘው። ማን ይስማት?

አባቷ የቀኙን ዳሰሰ። ተመስገን ልትል ስትል እጁን አነሳ። ወደ ግራው ዞረ። ጡሩንባውን ጨበጠ፣ ሳጥኑን አንኳኳ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መዳፉን ጫነበት።

የሠላሳ ዓመት ስም ዓይኗ እያየ ገደል ሊገባ ነው። እሷ ደግሞ በር ላይ እንደ ጃንጥላ ተገትራለች።

በሩን እንዴት እንደገፋችው አታውቅም።

«አይደለም!» ድምፁ የራሷ አልመስል አላት። «እሱ ውሸት ነው! የጥንቱ የቀኙ ነው!»

እትዬ ቀስ ብለው ዞሩ። «አንቺ ደሞ በምን አወቅሽ?»

«ብሎኖቹን ይዩዋቸው፣ ራሳቸው መስቀል ነው! ጡሩንባው ከሥሩ ወፍራም ነው፣ የጥንቶቹ እንዲህ አይደሉም። እንጨቱ የተፋቀው ደግሞ እጅ በማያርፍበት ነው፤ ማጠንጠኛ እጀታው አጠገብ ጭረት እንኳ የለውም። ሳያጠነጥነው ያስረጀው ማን ነው? ያመጣው ሰውዬ ይጠራ፣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ!»

የሠራችው ሥራ ያን ጊዜ ገባት። እትዬ ምንም ሳይሉ፣ አባቷ መሳሳቱን ያወጀችው ራሷ ናት።

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ፣ እኔ…» እንባዋ ቀደማት።

እትዬ ከጠረጴዛው መሳቢያ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አውጥተው ሰጧት። የአባቷ መባረሪያ መሰላት። ጭምቷ በእንባዋ ውስጥ አንድ ፊደል መለየት አቃታት።

አባቷ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደ፣ ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ፣ ከዚያም «ለአዲሷ የግራሞፎን መርማሪያችን» ከሚለው ከአናቱ ጀምሮ እስከ መጨረሻዋ ደቃቅ ፊደል ድረስ፣ አንዴም ሳይደናቀፍ አነበበላት።