የመስከረሙ ወረቀት

ወልደአማኑኤል የአመክሮ መፈቻ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። የተፈረመው መስከረም ላይ ነበር፤ አሁን ሚያዝያ ነው።

"እስከ ዛሬ የት ነበር፣ ጌታዬ?"

የማረሚያ ቤቱ ጸሐፊ አዛጋ። "ከሌላ ሰው ፋይል ገብቶ ነው። አሁን ተገኘ አይደል? አምላክህን አመስግንና ፈርም!"

እናቱ አገር ቤት፣ ሸኮ ላይ የሞተችው ኅዳር፣ ቡና ሲለቀም ነበር። ልቅበራት ብሎ የማረሚያ ቤቱ ኃላፊዎች እግር ላይ ቢወድቅ፣ "እስረኛ ቀብር አይሄድም" ብለው መለሱት። ለካ ያን ቀን ነጻ ሰው ነበር።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። "ስንት ወር ያለ አግባብ እንዳቆያችሁኝ ጻፍበት።"

"አብደሃል እንዴ? በሩ ክፍት ነው፣ ውጣ!"

ወልደአማኑኤል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "እናቴን ሳልቀብር አስቀርታችሁኛል። ይህን ጽፈህ ማኅተም ካላደረግህበት፣ ጎትታችሁም አታስወጡኝም።"