ጣሪያ ሥር የተረሳው ቫዮሊን

ከከተማ የመጣው የዕቃ ገዢ አሮጌውን ቫዮሊን ከነደጋኑ ከዱቄት ጆንያው አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያዞረው ልጅቷ ለማየት ተጠጋች። "አባቴ የተጠመቀ ዕለት ጣሪያ ሥር የከተተው ነው" አለ ሰባኪው አጎቷ ቨርሊን። "በእኛ በኬንታኪ ተራሮች የዳነ ሰው ይህን የሰይጣን ሣጥን አይነካም። አርባ ዓመት ሙሉ ረስተነው ነበር፤ ይውሰዱልን።" ገዢው እንዲህ ያለ ውድ ዕቃ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ ጣቱን በክሮቹ ሥር አሳለፈና ነጭ ብናኝ አሳያቸው። "ደጋኑ ድምፅ እንዲያወጣ የሚቀባው ሙጫ ነው፤ ገና ትኩስ። በዚህ ሳምንት የተጫወተበት ሰው አለ።"

ልጅቷ አያቷን አየቻት። አያቷ ግራ እጇን ሽርጧ ውስጥ ደብቃ ጣሪያውን ታጠና ነበር። ያ እጅ ፀጉሯን ሲጎነጉናት የጣቶቹ ጫፍ እንደ ድንጋይ ይቧጭራት ነበር፤ ድንች በመላጥ እንጂ ክር በመጫን የደነደነ አይመስላትም ነበር፣ ሞኟ!

"እኔ ነኝ" አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ።

"አንቺ? መዝሙር እንኳ ስትዘምሪ ከዜማው የምትወጪው?" ቨርሊን ሳቀ። "እስቲ ተጫወቺና እንስማሽ!"

ቫዮሊኑን አገጯ ሥር ወሸቀችና ደጋኑን ጎተተችው፤ ጅራቷ እንደተረገጠ ድመት ጮኸ። አያቷ ዓይኗን ጨፍና ታገሠች። ልጅቷ ለሁለተኛ ጊዜ ስትጎትተው ግን አልቻለችም።

"ወዲህ በዪ አንቺ ጉደኛ! ዶሮ ነው እንዴ የምታንቂው?" ብላ ነጠቀቻት። አንዱን ክር በጆሮዋ እያዳመጠች አጠበቀችና ልጇን ቀና ብላ አየችው። "ቁጭ በል ቨርሊን። ላይነካው ቃል የገባው አባትህ ነው፤ እኔን ማንም አልጠየቀኝም።" ወደ ገዢው ዞረች። "ጌታው፣ ጆንያውን ከፈለጉ ይውሰዱት።"