አረንጓዴ መጋረጃ ያለው ክፍል

መርማሪዎች ያልተፈቱ ወንጀሎችን ለልጆች ጨዋታ አድርገው መልቀቅ ከጀመሩ ወዲህ፣ ልጅ «ሌባው ይሄ ነው» ብሎ የነካው ሰው ሳይውል ሳያድር ይታሰራል።

የስምንት ዓመቷ ረድኤት ታብሌቷን ታቅፋ የተሰረቀ ሐብል ትፈልጋለች። ትራሱን ነካች፤ መሳቢያውን ከፈተች። እናቷ ሰብለ ሽንኩርት ከምትከትፍበት ቀና ብላ ስክሪኑን ስታይ ክው አለች። በጨዋታው የሰዎቹ መልክ ተቀይሯል፤ አረንጓዴውን መጋረጃ ግን ለወንድሟ ለናትናኤል የኪራይ ክፍል የሰፋችው እሷው ናት።

ረድኤት ሐብሉን አልጋ ሥር ከነበረ ጫማ ውስጥ አገኘችው።

«እማዬ፣ ሌባው ተከራዩ ነው አይደል?»

«ዘበኛው ነው የኔ ልጅ።»

«ጫማው እኮ የተከራዩ ነው!»

«ዘበኛውም ቁልፍ አለው። እሱን ንኪው።»

ልጅቷ እናቷን አምና ነካችው። ስክሪኑ በከዋክብት ሲሞላ እያጨበጨበች ዘለለች።

በማግስቱ ናትናኤል ደወለ። «እህቴ፣ የግቢያችንን ዘበኛ ጋሽ ይመርን ወሰዷቸው። ልጆቻቸው በር ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ» አለ።

አጠገቧ የነበረችው ረድኤት ሰማች።

«እማዬ፣ እኔ የነካሁትን ሰውዬ ነው የወሰዱት?»

«አይደለም» አለች ሰብለ።

ረድኤት የእናቷን ፊት ትመረምር ጀመር።