የጎማው ታኮ

የእርጉሙ ስም ጀማሉ ነው። አሰፋሽ ይህን ስም ሳትረግም የዋለችበት ቀን የለም።

የሱዳኑ ጦርነት ወደ ፋው ከተማ የቀረበ ጊዜ ከባሏ ከክንፉ ጋር በእግራቸው ወደ ገዳሪፍ ተነሡ። ክንፉ የልብ ሕመም አለበት። መንገድ ላይ በረባሶው ተበጥሶበት በቀይ የመብራት ሽቦ አሰረችለት። ኒም ዛፍ ሥር አረፍ እንዳሉ የጀማሉ ላንድክሩዘር መጣች። ፋው ገበያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን የነገደ ጎረቤታቸው ነው። አሰፋሽ እንዲጭናቸው እጇን ዘረጋች። መኪናዋ ሕፃናት ጢም ብለውባታል። ጀማሉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እመለሳለሁ» አለና አለፈ።

«ሲመለስ ያየ ካለ ይንገረኝ» ትላለች አሰፋሽ ይህን ባወራች ቁጥር።

ክንፉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። መንገደኞች እሷን ጎትተው ትራክተር ላይ ጫኗት፤ ሬሳው እዚያው ቀረ። በዘጠነኛው ቀን ተመልሳ ብትሄድ ተቀብሮ አገኘችው። በሙስሊሞች ወግ ራስጌና ግርጌው ድንጋይ ቆሞለታል። የአገሩ ገበሬ ይሆናል ብላ ያን እጅ መረቀች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የቀበረውን ትመርቃለች፣ ጥሎት ያለፈውን ትረግማለች።

ጀማሉም ኋላ ገዳሪፍ ገባ። ሦስት ጊዜ ደጇ መጥቶ «እትዬ፣ አንዴ ይስሙኝ» አላት። ሦስቱንም ጊዜ እጣቢ ደፋችበት።

ዘንድሮ ያቺ መኪና ለቁርጥራጭ ብረት ልትሸጥ ነው ሲባል አሰፋሽ በሰው እጅ ገዛቻት። ቆጣሪዋ አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ደርቋል። ወለሏን ዝገት በልቶት ታቹ መሬት ይታያል።

ሦስት ወዳጆቿ ለጥገና ግቢዋ ተሰበሰቡ፤ ሽማግሌው ሾፌር እምባየ፣ በያጁ ብርሁና ጎረቤቷ ሰሀር። የእጅ ፍሬኑ አልይዝ ስላለ ብርሁ የበግ ራስ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ጎማው ሥር ታኮ አደረገ።

አሰፋሽ አሳቧን አልደበቀችም። ነገ ጠዋት ጀማሉ የታመመች ሚስቱን ከሰላ ወስዶ ሊያሳክም መንገድ ዳር መኪና ይጠብቃል። በገዛ መኪናው፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ፣ በፊቱ ታልፋለች።

«አንገቴን አውጥቼ እመለሳለሁ እለዋለሁ» አለች።

«ወላሂ ኻልቲ አክስቴ፣ ካንቺ ጋር ከመጣላት ጊንጥ ጫማዬ ውስጥ ቢያድር ይሻለኛል» አለች ሰሀር፣ የሞተሩን ዘይት ከእጇ እየጠረገች።

ከቀትር በኋላ ብርሁ ወለሉን በላሜራ ሊበይድ የኋላውን ወንበር ነቀለ። ከሥሩ የሕፃን ጡጦ፣ ጭቃ የደረቀበት አካፋና በቀይ ሽቦ የታሰረ አንድ እግር በረባሶ ወጣ። ይጣል ወይ ብሎ ጠየቀ።

አሰፋሽ በረባሶውን ነጠቀችው።

«የክንፉ ነው፤ ሲሞት እግሩ ላይ ነበር» አለች።

«የሞተ ሰው ጫማ ያወልቃል?» አለች ሰሀር።

አሰፋሽ አካፋውን ተቀብላ ጭቃውን በጥፍሯ ፋቀችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንዲያ ያለ ፊት አይተውባት አያውቁም። ብየዳው እስኪያልቅ አካፋውንና በረባሶውን ጉልበቷ ላይ እንዳቀፈች ቆየች።

ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ተነሣ። እምባየ እልል በይ ቢላት ዞርም አላለች።

«ታኮ ያደረጋችሁትን ድንጋይ እንዳትጥሉት» አለች። «ነገ ለጀማሉ እፈልገዋለሁ።»

እምባየ ደነገጠ። «አሰፋሽ፣ በዚህ ዕድሜሽ ደም ውስጥ አትግቢ።»

«ሰው በሚያየኝ ሰዓት ነው የማደርገው። ሠፈሩ ሁሉ ይየኝ።»

ብርሁ ድንጋዩን ሊደብቅባት አስቦ ነበር። እሷ ግን ቀድማ አስነሥታ አልጋዋ ሥር አስገባችው። በረባሶውንም ከላዩ አኖረችው።

በማግስቱ ጀማሉ ሚስቱን ደግፎ በሩን ሲከፍት መኪናዋ በሮቿ እንደተከፈቱ ደጁ ቆማለች፤ ከፊቷ አሰፋሽ ድንጋዩን አንገቷ ላይ ተሸክማ፣ ባዶ እግሯን፣ አጎንብሳ ነበር።